ሁለት ብር የሚበልጠው ወፍጮ ቤት

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ወፍጮ ቤት ነው። አዳማ ውስጥ ነው ያለው። ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቱ "እባክሽ ስሜን እንዳትጽፊ፣ ያለውንም ወረፋ አልቻልኩትም" ብለውኛል። ታፔላ የለውም። በሩ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው። የሰፈሩን ባለ ባጃጅ "ሰማያዊው ወፍጮ" ካላችሁት ሌላ ሳይጠይቅ ያደርሳችኋል።

እኔ እንጀራ ጋግሬ አቀርባለሁ። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፤ ግን ምጣዱ የተሻለ ከፈለኝ። ሦስት ምግብ ቤትና ሠላሳ ያህል ቤተሰብ ከእኔ ይወስዳሉ። በሳምንት ሁለት ኩንታል ጤፍ አስፈጫለሁ፤ አብዛኛው የምንጃር ነው። ስለዚህ ዱቄት ሲበላሽብኝ የሚበላሸው ምሳዬ አይደለም፣ የቤት ኪራዬ ነው።

አምና የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሌላ ወፍጮ ቤት ነበር የምሄደው። ለቤቴ ቅርብ ነው፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። አንድ ቀን ከእኔ በፊት በቆሎ ተፈጭቶ ነበር። ልጁ ወፍጮውን ሳይጠርግ የእኔን ጤፍ ደፋበት። እኔም ስልክ እያወራሁ ስለነበር አላየሁም። ሊጡ ሲቦካ ሽታው ደስ አላለኝም። ቢሆንም ጋገርኩት። እንጀራው ዓይን አላወጣም፤ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ሲጠቀለል ይቆረሳል። አንዱ ምግብ ቤት ስልሳ እንጀራ መለሰብኝ። የወጥ ቤቷ ኃላፊ አንዱን አንስታ "ይኼ እንጀራ ነው ቂጣ?" አለችኝ። ባጃጅ ውስጥ ስልሳ እንጀራ ታቅፌ ስመለስ አለቀስኩ። ወፍጮ ቤቱ ሄጄ ስናገር "እኛ ጋ እንደዚህ ዓይነት ነገር የለም" ተባልኩ። በቃ።

ሰማያዊው በር ጋ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስት ወፍጮ አላቸው። አንዱ ለጤፍ ብቻ ነው። ሁለተኛው ለበቆሎ፣ ለስንዴና ለገብስ። ሦስተኛው ከግድግዳው ወዲያ ነው፤ በርበሬና ሽሮ እዚያ ይፈጫል። ጤፍ ያመጣ ሰው ሲያስነጥስ አይውልም። ስትገቡ እህሉ ይመዘንና ኪሎው ከረጢቱ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። ሲወጣ ዱቄቱ እንደገና ይመዘናል፤ አዲሱ ቁጥር ከፊተኛው ሥር ይጻፋል። ሒሳብ ለተማረ ሰው እነዚያን ሁለት ቁጥሮች ማየት ራሱ ደስታ ነው። ባለፈው ጊዜ 50 ኪሎ ገብቶ 49 ኪሎ ከ600 ግራም ወጣልኝ። የጎደለው 400 ግራም የት እንደገባም አውቃለሁ። ጣሪያው ላይ አለ፣ የልጆቹ ሽፋሽፍት ላይ አለ፣ ነጠላዬ ላይም አለ።

ከወፍጮ የወረደ ዱቄት ትኩስ ነው፤ እጃችሁን ብትከቱበት ይሞቃችኋል። ብዙ ቦታ እንደሞቀ ያስሩታል። ቤት ስትደርሱ ከረጢቱ ውስጡ አልቦታል፤ ሰንብቶ ይሻግታል። እዚህ ግን ሸራ ላይ ይነጠፋል፣ ይገላበጣል፣ በረድ ሲል ይታሰራል። ሃያ ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል። ወረፋ ላይ የሚያጉረመርሙት ሰዎች ይህንን አይቆጥሩትም።

ዋናው ነገር ግን ድንጋዩ ነው። የወፍጮ ድንጋይ እየፈጨ ይደንዛል። የደነዘ ድንጋይ አይፈጭም፣ ያሻል፤ ዱቄቱን ያቃጥለዋል። ስለዚህ መወቀር አለበት። ሰኞ ሰኞ እስከ ቀትር በሩ ዝግ ነው። አንድ ሰኞ ረስቼ ሄድኩና በቀዳዳ አየኋቸው። ጋሼ፣ ባለቤቱ፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ተንበርክከው፣ በመዶሻና በመሮ ይወቅራሉ። ከመሃል ወደ ዳር መስመር ያወጣሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከመቱ በኋላ ያቆሙና መስመሩን በጣታቸው ይዳስሱታል። ከዚያ እፍ ይሉበታል። ከዚያ እንደገና። በሩን ከፍተው ሲያስገቡኝ "ዓይን አይለየውም፣ ጣት ነው የሚያውቀው" አሉኝ። የግማሽ ቀን ገቢ ትተው ነው እንግዲህ። ያዘዛቸው የለም። የሚቆጣጠራቸውም የለም።

ለዚህ ሁሉ በኪሎ ከሌላው ወፍጮ ሁለት ብር ይበልጣሉ። ለእኔ በሳምንት 400 ብር ማለት ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግን ያን ቀን የተመለሰብኝ ስልሳ እንጀራ ብቻውን ከዚህ በላይ አክስሮኛል።

ስለ አገልግሎቱ ብቻ ልጽፍ ነበር ሐሳቤ። ባለፈው ቅዳሜ ግን መብራት ሄደ። አዳማን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ 136 የነፋስ ተርባይን ተተክሏል፣ ሁለቱ ጣቢያዎች አንድ ላይ 204 ሜጋዋት ማመንጨት የሚችሉ ናቸው። ነፋሱ እንደ ጉድ ይነፍስ ነበር። ተርባይኑ ይዞራል፣ ወፍጮው ቆሟል። አሥራ አምስት ሰው ያህል ከረጢታችን ላይ ተቀመጥን። ሥራ የፈታ ወረፋ ደግሞ ወሬ አያጣም። የዚያን ቀን ወሬ ሁለት ብሯ ሆነች።

አንድ ወጣት "ዘረፋ ነው" አለ። "ወፍጮ ያው ወፍጮ ነው። ሕዝቡ ሲቸገር እሳቸው ይከብራሉ።" ሲናገር ጋሼ እዚያው በር ላይ ቆመዋል። ምንም አላሉም።

እኔን የገረመኝ እሱ አይደለም። የገረሙኝ ለጋሼ የተሟገቱት ናቸው።

በርበሬ ይዘው የመጡ አንድ እትዬ "ተው ልጄ፣ እግዜር የባረከውን ሰው አትናገር፤ ሀብት የሱ ስጦታ ነው" አሉ። ከጎናቸው የነበሩ ጡረተኛ ደግሞ "ወፍጮው የአባታቸው ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ የተተከለ ነው፤ የቆየ ነገር አይነካም" አሉ። ከዚያ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ገባበት። "ሰው በተፈጥሮው ስግብግብ ነው" አለ። "ትርፍ ካላየ ከአልጋው አይነሳም። ገበያ የሚያስፈልገን ክፉ ስለሆንን ነው። አዳም ስሚዝም ያለው ይህንኑ ነው።"

ሦስቱም ለጋሼ ነው የቆሙት። ሦስቱም ግን ስለ ዱቄቱ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ከተማሪው ልጀምር። ስሚዝ የሚባለው የስኮትላንድ የኢኮኖሚ ፈላስፋ በፈረንጆች 1776 እራታችንን የምናገኘው ከሥጋ ሻጩ፣ ከጠማቂውና ከዳቦ ጋጋሪው ቸርነት ሳይሆን ለገዛ ጥቅማቸው ከማሰባቸው እንደሆነ ጽፏል። ዳቦ ጋጋሪው ክፉ ነው ግን አላለም። ለራሱ ያስባል ነው ያለው። ሰውየው ከዚያ በፊት፣ በ1759፣ ስለ ሥነ ምግባር አንድ ሙሉ መጽሐፍ የጻፈ ነው። ለራስ ማሰብንና ክፋትን አንድ ያደረግነው እኛ ነን። እኛ አገር ደግሞ ይህ በሽታ የቆየ ነው። ነጋዴውን መጫኛ ነካሽ፣ ገበሬውን አፈር ገፊ፣ ብረት ሠሪውን ጠይብ እያሉ መስደብ ልማድ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው በአዋጅ እስኪከለክሉ ደርሷል። ስድቡ በአዋጅ ቀረ እንበል። "ሰው ስግብግብ ስለሆነ ነው ገበያ የሚያስፈልገን" የሚለው መልስ ግን ያንኑ ስድብ በትምህርት አጥቦ ማቅረብ ነው።

እነዚህን ሦስት መልሶች የሆነ ቦታ አውቃቸዋለሁ ብዬ ሳስብ ቆየሁ። ኮሌጅ ሳለሁ ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። አይን ራንድ የምትባል ጸሐፊ አለች። ስሟ ሲጠራ የእንጀራ ዓይን ይመስላል፤ እንዳልረሳት ያደረገኝም እሱ ይሆናል። በፈረንጆች 1905 በሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ ተወለደች። አባቷ ፋርማሲ ነበራቸው። አብዮተኞቹ መጥተው ወረሱባቸው። ያኔ ገና ልጅ ነበረች። በ1926 አሜሪካ ገባች። በ1960 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ላይ ንግግር ስታደርግ ጣቷን የቀሰረችው ኮሚኒስቶች ላይ አልነበረም፣ የካፒታሊዝም ወዳጅ ነን በሚሉት ወግ አጥባቂዎች ላይ ነበር። ካፒታሊዝምን፣ ማለትም የግል ንብረትና የነፃ ገበያን ሥርዓት፣ በሦስት ነገር ትከላከላላችሁ አለቻቸው፦ በሃይማኖት፣ በልማድና በሰው ልጅ ክፋት። ሦስቱም ቤቱን ያፈርሱታል እንጂ አያቆሙትም ነበር ክርክሯ። በሃይማኖት የተከላከለ ሰው፣ በምክንያትማ ሌላው ይረታኛል እንዳለ ይቆጠራል። በልማድ የተከላከለ፣ ያረጀ ሁሉ ጥሩ ነው እያለ ነው። በክፋት የተከላከለ ደግሞ ከሳሹ ያለውን አምኖ ተቀብሏል።

ያኔ ሳነበው የፈረንጅ ንትርክ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ከረጢት ላይ ተቀምጬ ግን ትዝ ያለችኝ አያቴ ናት።

አያቴ ጠላ ጠምቃ፣ ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅማ፣ እዚሁ አዳማ ከምትኖርበት ሌላ ሁለት ክፍል ቤት ሠርታ ነበር። ታከራየው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ ሲባል ሁለቱ ክፍሎች ሄዱ። እናቴ እንደምትነግረኝ አያቴ አላለቀሰችም። "እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሳ" ብላ ወደ ጋኗ ተመለሰች።

እኔም አማኝ ነኝ። በኢዮብ አፍ የተነገረውን ቃል አላቃልልም። ግን የነሳት አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ስትሠራውም ጌሾ ስትወቅጥ፣ ሌሊት ስትነሳ፣ ጠላው ሲሆምጥባት ስትደፋ፣ ጠጪው ሲወደው ሰልፉ ሲረዝም ነው የሠራችው። "ሀብት የእግዜር ስጦታ ነው" ብቻ ብላ ስላደገች፣ ሊወስዱባት ሲመጡ የምትመልሰው አልነበራትም። ስጦታ ነዋ። ሰጪው ሐሳቡን ቀየረ ማለት ነው። "ይሄ የእኔ ነው፤ የሚጥም ጠላ ሸጬ፣ ሰው ወዶ ገዝቶኝ ያገኘሁት ነው" የምትልበት ቋንቋ ማንም አላስተማራትም።

የጡረተኛው መልስ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በጃንሆይ ጊዜ ቆየ የተባለው ንብረት ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። ከዙፋኑ በስጦታ የተገኘ፣ ገባር የጫነ መሬት ነበር። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. "መሬት ለአራሹ" ብለው አደባባይ ሲወጡ የጮኹት በባዶ ሜዳ አልነበረም። የአያቴ ሁለት ክፍልም ነበር። አንዱ በሹመት የመጣ፣ አንዱ በጠላ የመጣ። "የቆየ ነገር አይነካም" የሚል ሰው ሁለቱን አንድ ከረጢት ውስጥ ነው የሚያስራቸው። ከዚያ ከረጢቱን የሚወስድ ሲመጣ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። በቆሎ የፈጨ ወፍጮ ሳይጠረግ ጤፍ ሲደፋበት የሚሆነው ይሄው ነው፤ እኔ ስልሳ እንጀራ ከፍዬበታለሁ።

ከወግ አጥባቂዎቹ አንዱን ግን አልንቀውም። ኧርቪንግ ክሪስቶል የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆች 1978 ለካፒታሊዝም ጭብጨባው ከሦስት ሁለት ብቻ ነው ብሏል። ነፃነት ይሰጣል፣ ኑሮን ያሻሽላል፤ የሰውን መንፈስ ግን አያጠግብም የሚል ነው ነገሩ። እውነት አለው። ወፍጮ ቤት ትርጉም አይፈጭም። እኔም ጋሼ ጋ ሄጄ ጠይቄው አላውቅም፤ ለሱ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ። ራንድ ይህንን ብትሰማ ትቆጣ ነበር። ሴትየዋ ቁጡ ናት። እርዳታን ትልቅ በጎነት አድርጋ አትቆጥርም፤ እዚያ ላይ አልከተላትም። እድራችንን ግን ብታየው ትወደው ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። በየወሩ ይከፈላል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ምጽዋት አይደለም።

መብራት ሲመጣ ተራዬ ደረሰ። ጋሼ ሚዛኑ ጋ ቆመዋል። ከሚዛኑ በላይ "ሁሉ በእርሱ ሆነ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ዱቄት ሸፍኖት ግማሹ አይነበብም። ወጣቱ የተናገረው ከንክኗቸው ኖሮ፣ ሳልጠይቃቸው "እኔ እኮ ለሕዝብ ብዬ ነው" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ለሕዝብ ብለው ከሆነ ሁለት ብሯን ለምን ይወስዳሉ?" አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

"ለልጆቼ ነዋ።"

"ልጆችዎ የእርስዎ አይደሉም እንዴ? ያው ለራስዎ ነው።"

ዝም አሉ። ከረጢቴን ሚዛኑ ላይ አስተካከሉ። ጠመኔውን ከጆሯቸው ላይ አነሱና ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ የሰረቀ ሰው ይመስል ድምፃቸውን ቀንሰው፣ "እውነቱን ልንገርሽ?" አሉኝ። "ድንጋዩን መውቀር ደስ ይለኛል። ጥሩ ዱቄት ሲወርድ ማየት ደስ ይለኛል። ገንዘቡም ደስ ይለኛል።"

ለምን እንደሚያንሾካሹኩ አልገባኝም። ወረፋው ላይ ከተባለው ሁሉ ደህናው መልስ ይሄ ነበር። እሳቸው የሚያውቁትን ሙያ ሠሩ። እኔ ዋጋውን አየሁ፣ አወዳደርኩ፣ ከፈልኩ። ነገ ድንጋዩን ሳይወቅሩ ቢፈጩልኝ ሌላ በር አለ፤ እሳቸውም እኔን ደንበኛ አድርገው እንዲቀበሉ ያስገደዳቸው የለም። ከሁለታችን የተዘረፈ የለም። ሁለታችንም ከገባንበት ተሽለን ወጣን። ይህንን ጮክ ብሎ ለመናገር መጀመሪያ እግዜርን፣ ከዚያ የሞቱ አባታቸውን፣ ከዚያ የሰውን ልጅ ክፋት ምስክር መጥራት ለምን አስፈለገ?

ወጣቱንም አልዘለልኩትም። ሲወጣ "ከዚያ ማዶ በሁለት ብር የሚቀንስ አለ" አልኩት። "አውቃለሁ" አለኝ። "ታዲያ ለምን እዚህ መጣህ?" "እናቴ ናታ የላከችኝ።" እናቱን አላውቃቸውም፤ ግን ጥሩ እንጀራ እንደሚጋግሩ እገምታለሁ።

አሁን ጉድለቱን ልናገር፤ ማሞገስ ብቻ ከሆነ ግምገማ አይባልም። መቀመጫ የለም። ሁለት አግዳሚ ወንበር ስንት ነው? በቴሌብር ይቀበላሉ ይባላል፤ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴ "ኔትወርክ የለም" ተብያለሁ፤ ጥሬ ብር ያዙ። በርበሬው ክፍል መስኮቱ ጠባብ ነው። የሚያናድደኝ ግን የሚሠሩት ልጆች ነገር ነው። ሦስት ልጆች ቀኑን ሙሉ ያን ብናኝ ሲምጉ ይውላሉ፣ አፍንጫቸው ላይ አንድም መሸፈኛ የለም፤ አንደኛው ሁልጊዜ ያስለዋል። ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። "ገዝቼላቸው ነበር፣ ይሞቀናል ብለው ጣሉት" አሉኝ። የአዳማ ሙቀት ምክንያት መሆኑን አልክድም። ቢሆንም ድንጋዩ ላይ የሚያደርጉትን ክትትል ሩቡን እዚህም ያድርጉ። ሌላ የሚሻል መሸፈኛ አለ፣ ትንሽ ወደድ ይላል። ከሁለት ብሯ ላይ ይውጣ፤ እኔ አልቃወምም።

ዓርብ ዓርብ ሁለት አሮጊቶች በነፃ ያስፈጫሉ። ጋሼን ጽድቅ ነው ወይ ስላቸው "ምን ጽድቅ አለው፣ ሠላሳ ዓመት የከፈሉኝ ደንበኞቼ ናቸው" አሉኝ። ይቺን ግን አላንሾካሾኩም።

የምትሄዱ ከሆነ፣ ጤፋችሁን አበጥራችሁና ነፍታችሁ ሂዱ፤ ጠጠር ያለበት እህል ካዩ ይመልሷችኋል። ጥቁር ልብስ አትልበሱ። ከረጢታችሁን ሁለት አድርጉት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ወረፋው አምስት ስድስት ሰው ነው፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ምሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሰኞ ጠዋት አትልፉ። ድንጋይ እየወቀሩ ነው።